ካፒቴን ቢፍሃርትን ከ«ክሊር ስፖት» ጀምሩ

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሚክሰር ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ዛሬ የምመክራችሁ ስለ አንድ አልበም ነው፤ ስለ ካፒቴን ቢፍሃርት «ክሊር ስፖት»። ካልጣማችሁ ተዉት።

ሙከራ የሚበዛበት ሮክ የምትወዱ ወጣቶች ካፒቴን ቢፍሃርትን ታውቁታላችሁ። ትክክለኛ ስሙ ዶን ቫን ቭሊት ነው፣ ዘፋኝና የባንድ መሪ፣ የካሊፎርኒያ ልጅ። ግን ስለ እሱ ሲወራ የሚነሳው ሁልጊዜ አንድ አልበም ነው፤ በ1969 የወጣው «ትራውት ማስክ ሬፕሊካ»። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስሙን ከሚጠሩት ውስጥ 28ቱንም ትራክ እስከ መጨረሻው የሰማ ብዙ ሰው አለ ብዬ አላምንም።

አልበሙ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ሰውየው ፒያኖ መጫወት ሳይችል ፒያኖ ላይ የመጣለትን ይመታል። ድራመሩ ጆን ፍሬንች ያንን በኖታ ይጽፍና ለባንዱ ያስጠናል። ጊታሮቹ፣ ቤዙና ድራሙ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ቢፍሃርት ደግሞ ሄድፎን አላደርግም ብሎ፣ በስቱዲዮው መስታወት ሾልኮ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ እየሰማ ዘፈነበት። ይህን ሰምቶ ራሱን የማይዝ ሳውንድ ማን የለም። እኔን የሚያናድደኝ ግን «ይሄን ካልወደድክ ሙዚቃ አይገባህም» የሚለው ጉራ ነው። በዚህ ጉራ ስንቱ አድማጭ ከበሩ ተመልሷል።

ስለዚህ በ1972 ከወጣው «ክሊር ስፖት» ጀምሩ። ቢፍሃርት በዚያን ጊዜ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ ፈልጎ ነበር። ፕሮዲዩሰር ሆኖ የገባው ቴድ ቴምፕልማን ነው፤ በዚያው ዓመት ዱቢ ብራዘርስ ከሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ጋር ሬዲዮ የሚወደው ሙዚቃ ሲሠራ የነበረ ሰው። ሁለቱን አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ ጠብ አይጠበቅም ማለት ይከብዳል። ከዚያ የወጣው ግን ንጹሕ ሥራ ነው።

የመጀመሪያውን «ሎው ዮ ዮ ስታፍ»ን ስሙ። ጊታሮቹ እዚህም ይጠላለፋሉ፤ በመካከላቸው ግን ክፍት ቦታ አለ። ከሥር የሮይ ኢስትራዳ ቤዝና የአርት ትሪፕ ድራም ጠበቅ አድርገው ስለያዙት አንገታችሁ ሳታስቡት ይነቀነቃል። የቢፍሃርት ሻካራ ድምፅም ፊት ለፊት ወጥቶ ቢቱ ላይ ተቀምጧል። «ቱ ማች ታይም» ላይ ጡሩምባዎችና ሴት ተቀባዮች አሉ፤ ሰውየውን ለማያውቅ ሰው ብታሰሙት የሶል ዘፋኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። «ሄር አይስ አር ኤ ብሉ ሚሊዮን ማይልስ» ደግሞ ያለ ምንም ተንኮል የፍቅር ዘፈን ነው። በ1998 «ዘ ቢግ ለባውስኪ» ፊልም ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ እብደቱ የት ሄደ? «ቢግ አይድ ቢንስ ፍሮም ቬነስ» ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። መሃል ላይ ሁሉም ነገር ይቆምና ቢፍሃርት ጊታሪስቱን በስሙ ጠርቶ አንድ ረጅም ኖታ እንዲመታ ያዘዋል። ጊታሪስቱ ይመታል፣ ኖታው ተንሳፍፎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሞክር የሬዲዮ ባንድ አላውቅም። ቴምፕልማን ጠማማውን ሐሳብ አላቃናውም፤ አድማጭ የሚገባበት በር ከፈተለት እንጂ።

ለነገሩ አልበሙ አልተሸጠም። በ1974 ደግሞ ቢፍሃርት ሌላ የገበያ ሙከራ አደረገ፣ «አንኮንዲሽናሊ ጋራንቲድ» የሚባል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው፤ ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። በኋለኛው ጊታሮቹ መጠላለፉን ትተው አጃቢ ብቻ ሆነዋል፣ ዘፈኖቹን ማንም ሊዘፍናቸው ይችላል። ባንዱም ጥሎት ሄደ። እና እባካችሁ፣ አንድ ሙዚቀኛ ሥራውን ቀለል ባደረገ ቁጥር «ኮሜርሻል ሆነ» ብላችሁ ከመፍረድ በፊት፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሠራ ለዩለት።

ሰውየውን ግን ቅዱስ አታድርጉት። አብረውት የሠሩት ሙዚቀኞች እሱ ሥር ሆነው ስላዩት ረሃብ፣ ስድብና ዱላ በአደባባይ ተናግረዋል። ያንን ለጥበብ ሲባል ነው ብላችሁ አትከራከሩለት።

አሰማማችሁም ይህን ይመስላል። «ክሊር ስፖት»ን መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አልበም እየሠራችሁ፣ ምግብ እያበሰላችሁ ስሙት። በሁለተኛው ድራምና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። በሦስተኛው ጊታሮቹን። ከዚያ ወደ 1967ቱ «ሴፍ አዝ ሚልክ» ተመለሱ፤ ወጣቱ ራይ ኩደር ጊታር የተጫወተበት ነው፣ ብሉዙ ከየት እንደመጣ ያሳያችኋል። «ትራውት ማስክ»ን መጨረሻ ላይ አምጡት። ያኔ መሣሪያዎቹ የተጣሉ ቢመስሉም ማን የቱን እንደያዘ ጆሯችሁ ይለያል።