ማኪያቶ ላይ ያለቀ ሚቲንግ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ፣ ቲማችን ስድስት ሰው ነው። አለቃችን እኔን ይወደኛል፣ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ አብረን ነው ምንጠጣው፣ አይዲያዬን እዛው ነግሬው ሚቲንግ ሳንገባ ነገሩ ያልቃል። ባለፈው ለእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ስናስብ አዲሱ ልጅ ቀስ ብሎ «አደይ አበባማ ሁሉም ያሳያል፣ እኛ አበባየሆሽ እያሉ በር ሚያንኳኩትን ልጆች ከውስጥ ሆነን በቀዳዳ ብናይስ» አለ፣ አለቃዬ ስልኩን እየነካካ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ነገር እኔ ሳወራው «ይሄ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ልጁ ከዛ ወዲህ ትንፍሽ አይልም፣ ክላየንቶች ደግሞ «ከአምናው በምን ተለየ» ማለት ጀምረዋል። ጥፋቱ የኔ ነው የአለቃዬ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለኛ ሚጽፍልን ብዙ ጊዜ የተገፋው ነው እንጂ የተወደደው አይደለም፣ ስለጻፍሽ ተባረኪ። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፣ የሱ ይበዛል እንጂ።

አለቃ ሁሉንም እኩል እንደማይዝ ተመራማሪዎቹ እነ ጆርጅ ግሬን አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1975 ጽፈውታል፣ አንዱን ያምነዋል ይቀርበዋል፣ ሌላውን በስራ መደቡ ልክ ያዘዋል በቃ። የተቀረበው ሰው እንዳንቺ ይደፍራል። ስኮትና ብሩስ የሚባሉ አጥኚዎችም በ1994 መሐንዲሶችና ተመራማሪዎችን አጥንተው ከአለቃው ጋር የተግባባው አዲስ ነገር በመሞከር እንደሚሻል አይተዋል። እዚህ ድረስ ላንቺ ጥሩ ነው።

ግን ጥሩ ማስታወቂያ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ሙሉ ሆኖ አይወጣም አይደል፣ አንዱ ግማሹን ይጥላል ሌላው ያነሳዋል ሦስተኛው ይስቅበትና በሳቁ መሀል ሌላ ነገር ይመጣል፣ የናንተ ልጅ ደግሞ አሁን ግማሽ ሀሳቡን ይዞ ታክሲ ተሳፍሮ ቤቱ ነው ሚገባው፣ ምክንያቱም አንዴ ቀምሶታል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1999 ያሳተመችው 51 ቲሞች ላይ የተሰራ ጥናትም ይስቁብኛል ብሎ ማይሳቀቅ ቲም ይበልጥ ይማራል፣ ስራውም ይሻላል ነው ሚለው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሚቲንግ ላይ «የበሩ ሀሳብ የሱ ነበር፣ እኔ ነኝ የደገምኩት» በይ። ለብቻው ጠርተሽ ይቅርታ ብትይው አይበቃም፣ ሲወሰድበት ሁሉም አይቷል። ለአለቃሽም ይሄንን ጽሁፍ አሳዪው፣ ስልኩን ኪሱ ይክተትና አዲሶቹ ቀድመው ያውሩ፣ አንቺ መጨረሻ ላይ። ማኪያቶውን አትተዪው፣ ስድስታችሁም ሂዱ። ሂሳቡን? እሱ ነዋ፣ አለቃ አይደል!