የእናት ድምፅ በፖስታ፦ ከታሰሩ እናቶች ጋር ለመሥራት ላሰባችሁ

ውድ ልጆቻችን፣

በዳላስ፣ በኦስቲን፣ በሂውስተን ያደጋችሁ ወጣቶች በእስር ቤት በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ስታስቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «ምን ልበላቸው?» ብላችሁ ነው። ብዙም አትበሏቸው። ይህ የምክር ሥራ ሳይሆን የማድረስ ሥራ ነው። እናት መጽሐፍ ትመርጣለች፣ ታነባለች፣ ድምፅዋ ይቀረጻል፤ መጽሐፉና ቅጂው ለልጇ ይላካሉ። ከእናንተ የሚፈለገው ትክክለኛ አድራሻ፣ ጥርት ያለ ቅጂና በቀጠሮ ቀን መገኘት ነው። ጥሩ ልብ ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚወድቁት በእነዚህ በሦስቱ ነው።

በቴክሳስ ይህን ሥራ የሚሠራው «ውመንስ ስቶሪቡክ ፕሮጀክት» በ2003 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ውስጥ በጁዲዝ ደልኒግ የተመሠረተ ነው። በእንግሊዝም በዳርትሙር እስር ቤት የተጀመረ «ስቶሪቡክ ዳድስ» የሚባል ድርጅት አለ፤ በዚያ ድርጅት ድምፁን የሚያስተካክሉትና ሙዚቃ የሚጨምሩበት ሥልጠናውን የወሰዱ ታራሚዎች ራሳቸው ናቸው። ከባዶ አትጀምሩ። መንገዱን ያወቀ ድርጅት ካለ ተጠግታችሁ ሥሩ፤ የእስር ቤት በር ለአዲስ ስም ቶሎ አይከፈትም።

ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል። ማመልከቻ አለ፣ የወንጀል መዝገብ ምርመራ አለ፣ ሥልጠና አለ። ሥልጠናው በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ በእስር ቤት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን ለመከላከል የተደነገገውን የፌዴራል ሕግ ይጨምራል፤ አሰልቺ መስሏችሁ በእንቅልፍ አትለፉት፣ ምን አይታችሁ ለማን መናገር እንዳለባችሁ የምትማሩት እዚያ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ታስሮባችሁ የምትጠይቁት ሰው ካለ በማመልከቻው ላይ ግለጹ። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ መለየትና ማሸግ ውጭ የሚሠራ ትልቅ ሥራ ነው።

የቴክሳስ ሴቶች እስር ቤቶች በብዛት ያሉት ጌትስቪል ከተማ ነው፤ ከዳላስ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስልካችሁን መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ ግቡ። በቴክሳስ ሕግ ለታራሚ ስልክ መስጠት ወይም ለመስጠት ይዞ መግባት ከባድ ወንጀል ነው፤ «ረስቼው ኪሴ ውስጥ ቀረ» ወደሚያሰኝ ነገር አትግቡ። እጃችሁ ላይ የሚታሰረው ዘመናዊ ሰዓትም አብሮ ይቅር። ነጭ በነጭ ለብሳችሁ አትሂዱ፤ የቴክሳስ ታራሚ የሚለብሰው ነጭ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ በሀገር ልብስ ለመሄድ የምታስቡ፣ መቀየሪያ ያዙ።

ወደ መጽሐፉ እንምጣ። የትንንሽ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ በተለምዶ 32 ገጽ ነው። ለልጅ ሲነበብ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ቃል ይበቃል፤ ስለዚህ 600 ቃል ያለው መጽሐፍ አምስት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ልክ ነው። ከዚያ ሲረዝም ትንሹ ልጅ ይሰለቻል፣ እናትም ትደክማለች። ለእያንዳንዷ እናት ከአንድ ሳይሆን ከአራት አምስት መጽሐፍ እንድትመርጥ አድርጉ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ምን እንደምትበላና መቼ እንደምትተኛ የምትመርጥላት ሌላ ናት፣ የልጇን መጽሐፍ ግን ራሷ ትምረጥ። በሽቦ የተጠረዘ አታምጡ፣ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ያገለገለ መጽሐፍ ከሆነ ገጽ በገጽ አገላብጡት፦ የተቀደደ፣ የሌላ ልጅ ስም የተጻፈበት፣ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት አይሆንም። መጨረሻው ላይ እናት «ነገ ወደ ቤት የምትመለስበት» ታሪክም ከሳጥኑ ይውጣ። የስድስት ዓመት ልጅ ነገን እንደ ነገ ነው የሚወስደው።

አሁን ቀረጻው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አብዛኞቹ የቴክሳስ እስር ቤቶች ሙሉ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ በበጋ ትልልቅ ማራገቢያ ሲሽከረከር ይውላል። ጆሯችሁ ይለምደውና ትረሱታላችሁ፣ መቅረጫው ግን አይረሳውም፤ ቤት ገብታችሁ ስትሰሙት የእናትየዋ ድምፅ ከጉምጉምታ በታች ተቀብሯል። ለአምስት ደቂቃ እንዲጠፋ ጠባቂዋን በትሕትና ጠይቁ። ካልተቻለ እናትየዋ ፊቷን ወደ ማራገቢያው አዙራ ከጥግ ትቀመጥ፤ መቅረጫው በእሷና በማራገቢያው መካከል ሆኖ ጀርባውን ለማራገቢያው፣ ፊቱን ለእሷ ይስጥ። መቅረጫውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ የእጅ ንክኪ ሁሉ እንደ ከበሮ ይገባል፤ የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ አድርጉ። ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» በመጡ ቁጥር ትንፋሹ ይፈነዳል። አሥር ሴኮንድ ቅረጹ፣ በማዳመጫ ስሙ፣ ከዚያ ጀምሩ። ባትሪ አዲስ ይሁን፤ ስንት ባትሪና ስንት ማስታወሻ ካርድ ይዛችሁ እንደገባችሁ በር ላይ ተጽፏልና ያው ቁጥር ተመልሶ መውጣት አለበት።

ገና ማንበብ ለማይችል ልጅ ገጽ ሲገለጥ ምልክት ያስፈልጋል። እናትየዋ «አሁን ግለጪ» ትበል ወይም ጠረጴዛውን በቀስታ ታንኳኳ፤ በየገጹ ግን ያው ይሁን። በሥዕሉ ላይ «ድመቷ የት ተደበቀች?» ብላ ጠይቃ ሦስት አራት ሴኮንድ ዝም ብትል ልጁ ጣቱን የሚዘረጋበት ጊዜ ያገኛል። ዝምታውን እንደ ስሕተት ቆጥራችሁ ስታስተካክሉ እንዳትቆርጡት።

ማንበብ የሚቸግራት እናት ትኖራለች፤ «መነጽሬን ረሳሁ» ትላችሁ ይሆናል። አታጋልጧት። «እኔ መስመር መስመሩን እላለሁ፣ አንቺ ተከተይኝ» በሏትና ቀጥሉ። በእናንተና በእሷ ድምፅ መካከል ሁለት ሴኮንድ ክፍተት ይኑር፤ ያኔ የእናንተን ቆርጣችሁ ስትጥሉ የእሷ ብቻ ወጥ ሆኖ ይቀራል። ካለቀሰች መቅረጫውን አቁሙ፣ ጊዜ ስጧት፣ ከዚያው ገጽ ቀጥሉ። እናንተ ግን አብራችሁ አታልቅሱ። ጨካኝ ምክር ይመስላል፤ ጊዜው የእሷ ነው፣ ከኋላዋም ተራ የምትጠብቅ አለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ በአንድ መቅረጫ ከስድስት እናት በላይ አትያዙ። የታራሚዎች ቆጠራ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ያንን ጊዜ የሚመልስላችሁ የለም።

ከንባቡ በፊት የምትናገረው ሰላምታ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፦ የልጁን ስም ትጥራ፣ እንደምትወደው ትንገረው፣ ለምን ይህን መጽሐፍ እንደመረጠች ትጨምር። የመፈቻ ቀን አትጥቀስ፤ አመክሮ የሚወስነው ሌላ አካል ነው። «ለምን አልደወልክልኝም?» የሚል ወቀሳ፣ «ታናናሾችህን አደራ» የሚል ሸክምም አይኑርበት። ይህን ቀድማችሁ በመልካም ቃል ንገሯት፤ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ «ይህን ደግመሽ በይው» ማለት ያሳፍራታል።

ለእኛ ሰው ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ልጁን የምታሳድገው አያት ወይም አክስት ብዙ ጊዜ እውነቱን አልነገረችውም፤ «እማማ ለትምህርት ሄዳለች»፣ «ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ናት» ተብሏል። መደበቁን አልደግፍም፤ ልጅ ከምናስበው ቀድሞ ያውቃል፣ ካወቀም በኋላ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ግን እውነቱን መንገር የእናንተ ፋንታ አይደለም። አስቀድማችሁ አሳዳጊዋን ፈቃዷን ጠይቁና ለልጁ ምን እንደተነገረው ለእናትየዋ አድርሱ፤ ሰላምታዋ ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ። «እትዬ» ብላችሁ፣ በአንቱታ፣ ረጋ ብላችሁ ደውሉ፤ «የእስር ቤት» ብሎ የሚጀምር ወጣት ድምፅ ስልክ ያስዘጋል። እናትየዋ በአማርኛ ማንበብ ከፈለገች ደስ ይላል፣ ልጁም ከአያቱ ቋንቋ አይርቅም፤ ነገር ግን ቅጂውን የሚመረምሩት ሰዎች አማርኛ አይሰሙምና የጽሑፉንና የሰላምታውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አብራችሁ አቅርቡ። ያለዚያ ቅጂው መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

አገር ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ አንዳንድ ሕፃናት ከታሰረች እናታቸው ጋር በማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ለእነሱ መጽሐፉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ወደ ፖስታው ስንመለስ፣ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። አንዲት እናት ሦስት ልጆች በሦስት ቤት ሊኖሯት ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መጽሐፍና በስሙ የሚጀምር ቅጂ ይሁን። የእናትየዋን መለያ ቁጥር በቀረጻው ላይ አትናገሩ፤ እቆርጠዋለሁ ብላችሁ ከረሳችሁት ልጁ በመጀመሪያ የሚሰማው ቁጥር ይሆናል። ከፋይሉ ቁጥር ጎን በወረቀት መዝግቡት። ወደ ልጁ እንዳትቀርብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለባት እናት እንዳትኖር ድርጅቱ ማረጋገጡን ጠይቁ። አሳዳጊዎች ቤት ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉና በየዙሩ ደውላችሁ አድራሻ አረጋግጡ፤ ቅጂውን በምን እንደሚሰሙትም ያኔውኑ ጠይቁ፣ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ፖስታው ላይ የእስር ቤቱ ስም አይጻፍ፣ የቤታችሁ አድራሻም እንዲሁ፤ የድርጅቱ የፖስታ ሳጥን ይበቃል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ሚዲያ ሜይል» የሚለው አላላክ ለመጽሐፍ ርካሽ ነው፣ ግን ይዘገያል፤ ለልደት የሚላክ ከሆነ አስቀድሙት።

የላካችሁበትን ቀን መዝግቡ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት ማሳደጊያ ካሳለፈ፣ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ እንዲቀርብ ያዛል፤ ልጁ በዘመድ እጅ ከሆነ እንዳይቀርብ ሊደረግ ይችላል። ፍርዷ ከዚያ ለሚረዝም እናት ከልጇ ጋር መገናኘቷን የሚያሳይ የቀን ዝርዝር ለጠበቃዋ ሊጠቅም ይችላል። ዝርዝሩን በድርጅቱ በኩል ስጧት፤ ከዚያ አልፋችሁ የሕግ ምክር አትስጡ።

መሄድ የማትችሉበት ወር ከመጣ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፤ ተተኪያችሁ የግድ ፈቃድ ያለውና ስሙ በሩ ላይ ባለው ዝርዝር የተመዘገበ መሆን አለበት። በዕለቱ ጠዋት «አልመቸኝም» ብላችሁ ብትደውሉ ስሙን ለማስገባት ጊዜ የለም፤ ስድስቱም እናቶች የዚያን ወር መጽሐፍ ሳይልኩ ይቀራሉ።