መንገዱ ገብቶ መኪናው ለቀረባቸው፦ ስለ ሰሜን ሸዋ የገጠር ትራንስፖርት ጥያቄና መልስ

በመናኸሪያ ስምሪት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ስለ ገጠር ትራንስፖርት ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ መካከል ተመሳሳዮቹን እያዋሐድሁ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ወደ ቀበሌያችን የጠጠር መንገድ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ከገበያ ቀን በቀር ግን መኪና አናይም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመላለስ ግን በአብዛኛው ለባለንብረቱ ፈቃድ የተተወ ነው። ባለንብረቱ ደግሞ የሚያሰላው ወንበሩን ነው። 24 ሰው የሚይዝ ቅጥቅጥ በገበያ ጠዋት ሞልቶ ወጥቶ 6 ሰው ይዞ ቢመለስ፣ በደርሶ መልስ ካለው 48 ወንበር የተከፈለበት 30ው ብቻ ነው፤ ናፍጣውና የጎማው መበላት ግን ሞልቶ እንደተመለሰ ያህል ነው። በሌሎቹ ቀናት ከነጭራሹ አይወጣም፤ ሰውም መኪና እንደማይመጣ ስለሚያውቅ በእግሩ ይሄዳል፤ ሹፌሩም መንገድ ዳር የሚጠብቅ ሰው ስለማያይ መቅረቱን ትክክል ያደርገዋል።

ይህን አዙሪት የሚሰብረው የታወቀ ቀንና ሰዓት ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት በ1 ሰዓት የሚነሣ መኪና፣ ሞላም አልሞላም በ1 ሰዓት ከተነሣ፣ ሰው ጉዳዩን በእርሱ ማመቻቸት ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪሳራ ማን ይቻል ለሚለው፣ በእኔ እምነት 130 ኪሎ ሜትር በሆነው የደብረ ብርሃን–አዲስ አበባ መስመር ወረፋ የሚይዝ የባለንብረቶች ማኅበር በሳምንት የተወሰነ ቀን የገጠሩን መስመር እንዲሸፍን በስምሪት ሊገደድ ይገባል። ማኅበራቱ ይህን ሐሳብ አይወዱትም፤ ፊት ለፊት ነግረውኛል። ሆኖም ሥጋውን የበላ አጥንቱንም መጋጥ አለበት።

ጥያቄ (ከሞረትና ጅሩ)፦ የእኛ መንገድ በየክረምቱ ይቆረጣል። ጠጠር ቢጨመርበት አይበቃም?

መልስ፦ የእናንተ አፈር መረሬ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ ጠንካራ የአፈር ሙሌት) ሳይደለደልና ውኃው ሳይወጣ ላዩ ላይ ጠጠር ቢፈስበት፣ ጭቃው ጠጠሩን ይውጠዋል። ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚገድለው በደለል የተደፈነ አንድ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ነው፤ ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ አናት ላይ ይፈስና በአንድ ሌሊት ይበጥሰዋል። ቦይና ቱቦ ግንቦት ሳያልቅ ቢጠረግ፣ ነሐሴ ላይ ግሬደር ከመለመን ያድናል።

ጥያቄ (ወጣት የባጃጅ ሹፌር)፦ ጋሼ፣ ባጃጅ የገጠሩን ችግር አይፈታም?

መልስ፦ ልጄ፣ እንደ እነዋሪ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ወደ መንደር ለሚደረግ አጭር ጉዞ እጅግ ጠቃሚ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ግን ሦስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭነህ ፍሬን ብትይዝ የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ።

ጥያቄ (ከጣርማ በር ወረዳ)፦ አይሱዙ ላይ ሰው መጫን የተከለከለ ነው፤ ግን ሌላ ምርጫ የለንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ክልከላው ተገቢ ነው። ረዳቱ የገብስ ጆንያ ደርድሮ፣ እግራቸው የታሰረ በጎች ከላይ አጋድሞ፣ በመካከል እናቶችን የቅቤ ቅላቸውን እንዳቀፉ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመታጠፊያው ላይ ጭነቱ ሲንሸራተት ሰው ከሥር ይሆናል። ነገር ግን ፖሊስ አስወርዶ መኪናውን ሲሸኘው እነዚያ እናቶች ከጉም ጋር ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ በገበያ ቀን ዕቃው በጭነት መኪና፣ ባለቤቱ በሕዝብ ማመላለሻ እየተከታተሉ የሚሄዱበት ስምሪት አብሮ ሊዘጋጅ ይገባል። ገበሬው አይሱዙውን የሚመርጠው በጉንና ጆንያውን ከዓይኑ ላለማራቅ ነውና፣ ሁለቱ መኪኖች መለያየት የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ምጥ የያዛትን ሴት እስከ አምቡላንሱ ድረስ የምናደርሳት በቃሬዛ ነው። በሰው ትከሻ እስከ መቼ?

መልስ፦ የገጠር መንገድ ተደራሽነት የሚለካው ነዋሪው ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ በመኖሩ ነው፤ ገደል ለሚወጣ ቃሬዛ ግን 2 ኪሎ ሜትር ቅርብ አይደለም። መንገዱ እስኪሻሻል፣ ወላዶች ቀናቸው ሲደርስ ጤና ጣቢያ አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ እንዲሰነብቱ አድርጉ፤ እድራችሁም ከአንድ ባለመኪና ጋር አስቀድሞ በዋጋ ይዋዋል።

ጥያቄ፦ ያለ በጀት አሁኑኑ ልንጀምር የምንችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። አንድ አስተማሪ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ ለአራት ሳምንት መገንጠያው ላይ ይቁም፤ በየቀኑ ስንት ሰው እንደጠበቀ፣ ወዴት ለመሄድ እንደነበር፣ ስንቱ መኪና አጥቶ እንደተመለሰ በሉክ ይጻፍ። እኔ ስምሪት ላይ ሳለሁ «ተቸገርን» የሚል ማመልከቻ በየሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር፤ ቁጥር የያዘ ግን ከስንት አንዴ ነበር፤ እርሱን ይዤ ከማኅበራቱ ጋር መከራከር እችል ነበር። ወደ ወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ስትወስዱት ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ በአንዱ ላይ ማኅተም አስመትታችሁ እናንተ ዘንድ አስቀሩት።