ለቆየ ቤት አቲክ፦ ሴሉሎስ፣ ፋይበርግላስ ወይስ ፎም?

ሜሪላንድ ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠራ ቤት፣ አቲኩ (ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ቦታ) ላይ 3 ኢንች ተኩል ያረጀ ፋይበርግላስ፣ ፎቁ በብርድ ጊዜ የሚቀዘቅዝ በሙቀት ጊዜ የሚያፍን፤ «ምን ልጨምርበት?» ላሉት ወንድማችን።

ለእንዲህ ያለ ቤት እኔ የምመርጠው የሚነፋ ሴሉሎስ፣ ማለትም ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራ ኢንሱሌሽን (የሙቀትና የብርድ መከላከያ) ነው። ግን ከረጢት ከመግዛትዎ በፊት ቀዳዳ ይድፈኑ። አሮጌውን ፋይበርግላስ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ይዩ፤ የጠቆረ ቦታ ካገኙ ከሥሩ አየር ይሾልካል ማለት ነው፣ ፋይበሩ አቧራውን እያጣራ ነው የጠቆረው። ሽቦና ቧንቧ ግድግዳ በስተው የሚወጡበትን ሁሉ በጣሳ በሚሸጠው ፎም ይሙሉ። የፈርነሱ ጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን ፎም አይደረግም፤ በቆርቆሮ ከበው ሙቀት በሚችል ኮክ (የስንጥቅ መሙያ ማሸጊያ) ያሽጉት፣ ኢንሱሌሽኑም እንዳይነካው ያድርጉ። የመታጠቢያ ቤቱ ፋን አቲክ ውስጥ የሚተነፍስ ከሆነ ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ፤ አለዚያ እንጨቱ ይሻግታል። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ አምፖሎች «አይሲ» (IC፣ ኢንሱሌሽን ቢነካቸው ችግር የለም ማለት ነው) የሚል ምልክት ከሌላቸው ኢንሱሌሽን በ3 ኢንች ይራቃቸው፣ ወይም ይቀየሩ።

ከአሮጌው ሥር የሚያብለጨልጭ፣ ጠጠር የሚመስል ግራጫማ ነገር ካዩ ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይነኩ ይውረዱና ባለሙያ ይጥሩ።

ወደ መጠኑ ስንመጣ፣ ኢነርጂ ስታር የተባለው የፌዴራል ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ለዚህ አካባቢ እንዲህ ከ3 እስከ 4 ኢንች ላለው አቲክ የሚመክረው አር-49 እንዲጨመርበት ነው (አር ኢንሱሌሽኑ ሙቀት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው)። ያለዎት አር-11 ገደማ ስለሆነ ጠቅላላው ወደ አር-60 ይደርሳል። ሴሉሎስ በኢንች 3.5 ገደማ ስለሚሰጥ ወደ 14 ኢንች ይበቃል፤ የሚነፋ ፋይበርግላስ በኢንች 2.5 ገደማ ነውና ወደ 20 ኢንች ይጠይቃል። ሴሉሎስ ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ሲነፋ የሚኖረውን ውፍረትና ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ለይተው ያንብቡ፤ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግም እዚያው አለ። ሠራተኛ ካስገቡ ባዶ ከረጢቶቹን ይቁጠሩ፦ አየር አብዝቶ በመንፋት ቁመቱን ብቻ ማሳየት የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው።

ከመንፋቱ በፊት በየሶፊት ቀዳዳው (ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለው አየር ማስገቢያ) በላይ ባፍል፣ ማለትም ለአየሩ መተላለፊያ ክፍት የሚያቆይ ሰሌዳ ይመታ። ይህን የዘለለ ሰው የጣሪያውን አየር ማስገቢያ በገዛ እጁ ይደፍናል፣ ጠሉም ጣውላው ላይ ይቀራል። የአቲኩ በርም አይረሳ፤ ጠርዙ ላይ ጎማ፣ ጀርባው ላይ ፎም ቦርድ ይለጠፍ።

ጥቅል ፋይበርግላስ ከመረጡ ወረቀት የሌለውን ይግዙ፣ በጆይስቶቹ (የአቲኩ ወለል አግዳሚ እንጨቶች) ላይ አግድም ይዘርጉት። በአሮጌው ላይ ወረቀት ያለው ከተደረበ እርጥበት መሃል ላይ ይታፈናል። ስፕሬይ ፎም ውድ ነው፤ የኤሲው ማሽንና ቱቦዎች አቲክ ውስጥ ካሉ ብቻ ያስቡበት።

የፌዴራሉ የታክስ ክሬዲት ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተሠራ ሥራ የለም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎ ደውለው ኢምፓወር ሜሪላንድ በተባለው የስቴቱ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም በኩል የሚሰጠውን ቅናሽ ይጠይቁ።