መልስ፦ የአያት ስም መመሳሰልና የዲኤንኤ ምርመራ

ዘጌ ያሉት ሰዎች የአያታቸው ስም ከእርስዎ አያት ጋር አንድ ስለሆነ ዝምድናውን በዲኤንኤ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ ላሉት፦ ይቻላል፣ ስሙን ግን ይተዉት። የእኛ ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር ዘር አይከተልም። የዲኤንኤው ክፍል የሆነው ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል፤ ከሁለቱም ወገን በወንድ መስመር የወረደ አንድ አንድ ሰው በዚሁ ክሮሞሶም ላይ 37 ማርከር (የሚነጻጸሩ ነጥቦች) ይመርመር። በመካከል አንዲት ሴት ካለች ግን አይሠራም። ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ስለነበር ሽማግሌዎች «የእገሌ ዘር» ሲሉ ሴት ልትኖርበት ትችላለች፤ አጥብቀው ይጠይቁ። ሴት ካለችበት የሚያስፈልገው ኦቶሶማል፣ ማለትም ከእናትም ከአባትም የሚወረሰውን ዲኤንኤ የሚያይ ምርመራ ነው። በዕድሜ ትልቁን ዘመድ ያስመርምሩ፤ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ካለ አንድ ቅድመ አያት በአማካይ የሚደርሰን ዲኤንኤ 1 በመቶ አይሞላም። ምራቅ ከመስጠትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡናም ውሃም አይቅመሱ። የአያቶችዎን የክርስትና ስሞችም ይመዝግቡ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው በዚያ ነው።