«ለጥናት ፈርሚ» አሏት፤ ትፈርም?

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ማዕከል ተላክን። የመጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ሰባት ተማሪ አስከትሎ ገባ። እናቴ አፍራ ነጠላዋን አልለቅም አለች። ቀጥሎ አንዲት ልጅ መጥታ ለጥናት እንድትፈርም ጠየቀቻት። አክስቴ «መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው፤ እምቢ ካለች ደግሞ መድኃኒቱን ይከለክሏታል» ብላ ቤቱን አተራመሰችው። ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ የምትጀምረው ሰኞ ነው። ወደ ግል እንውሰዳት?
ት.፣ ከሐዋሳ፣ አቶቴ

መልስ፦ አክስትሽን አትቆጫት። ኬሞ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደ እሷ የሚሉ ስንቱን አስተናግጃለሁ። ከአለታ ወንዶ የመጡ አንድ ቡና ገበሬ «በእኔ ገላ ሊማሩ ነው?» ብለው ተነስተው ወጡ። በር ላይ ደረስኩባቸው። ወረቀቱን አብረን ስናነበው የሚጠይቀው ከቤታቸው ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ለትራንስፖርት ስንት እንዳወጡ ነበር። ሳቁ። አልፈረሙም፤ ኬሞውን ግን በቀጠሯቸው ወሰዱ።

ለሕክምናው የሚፈረመውና ለጥናት የሚፈረመው ወረቀት ለየብቻ ነው። ሳትለዩ እንዳትፈርሙ። ብዙው ጥናት ካርድ ማየትና መጠየቅ ነው። አንዳንዱ ደም ይወስዳል። አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ከሆነ ይህን በግልጽ ሊነግሯችሁ ግዴታቸው ነው። ልጅቷን ጠይቂያት፦ ከእናቴ ምን ትወስዳላችሁ? ስሟ ይጻፋል? መሀል ላይ ብትተወውስ? ወረቀቱንም ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። እናትሽ እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው አይነካም፤ የጥናት ሥነ ምግባር ሕጉ ይሄው ነው።

ተማሪዎቹን በተመለከተ፣ «ስመረመር ይውጡልኝ» ማለት መብታቸው ነው። ሰባት ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ለማን ይቀላል? ብቻ ሬዚደንቶቹን፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩትን ሐኪሞች፣ አትጥሉብኝ፤ እኩለ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ ሮጠው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ወደ ግል መሄድ ምርጫችሁ ነው። ከሄዳችሁ ግን የባዮፕሲውን፣ ከጡታቸው ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና፣ ውጤትና ብሎኩን ይዛችሁ ሂዱ። ብሎኩ ናሙናው በሰም የተቀመጠበት ትንሽ ነገር ነው። ከጠፋ ሌላ ናሙና መውሰድ ሊመጣ ነው።

እኔን ከፊርማው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰኞና ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ዛሬውኑ ቴርሞሜትር ግዙ። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ኬሞው ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ በጣም ዝቅ ይላል። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር የለም! ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። ከየዙሩ በፊት ደም ይመረመራሉ። ሴሉ ካነሰ ቀጠሮው ይገፋል፤ ያኔ «ቸል አሏት» ብላችሁ እንዳትጣሉ።

ደግሞ ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ቀይ ነው። እሱን ከወሰዱ አንድ ሁለት ቀን ሽንታቸው ቀይ ይሆናል። ደም አይደለም። ይህን ለአክስትሽ ከሰኞ በፊት ንገሪያት።