መልስ፦ አባቴን ወደ ፓርኪንሰን ማኅበር ልውሰዳቸው?

እህቴ፣ «አባቴ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው፤ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ማኅበር ምን ይጨምርላቸዋል?» ብለሻል። ብዙ ይጨምርላቸዋል። ውሰጃቸው።

መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የጎደለውን ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያግዝ ንጥረ ነገር) ይተካል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ሰውነት እንዳይተሳሰር እንቅስቃሴ የግድ ነው። ቤት ውስጥ ብቻን ሆኖ ደግሞ ያሰለቻል፤ ከሰው ጋር ሲሆን ግን ይሠራል።

እናቴም ፓርኪንሰን ነበረባት፤ በር ላይ ስትደርስ እግሯ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር። እኛ እጇን እንጎትታለን፤ ለካ መጎተቱ ይጥላል። ማኅበሩ ውስጥ አንድ አዛውንት ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር ለጠፉና «እስቲ ይቺን ይሻገሯት» አሏት። ተሻገረች! እንባዬ መጣ።

የመድኃኒት ሰዓት ዝንፍ ማለት እንደሌለበት፣ ፕሮቲን የበዛበት ምግብም የሌቮዶፓን (ዶፓሚንን የሚተካውን መድኃኒት) ሥራ ሊያዳክም እንደሚችል የሰማሁት እዚያው ነው። ይህን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሪበት።

«እናድናለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመሽ ግን ሽሺ። ፈውስ እስካሁን የለም።

አንቺም አብረሻቸው ግቢ፤ አስታማሚም ይደክመዋል። መጀመሪያ ቀን ዝም ቢሉ አትጨነቂ። እናቴ ማኅበሩ ውስጥ ለሚደረገው የድምፅ ልምምድ አፏን የከፈተችው በሦስተኛው ሳምንት ነው።